ከድንኳኑ ፊት ሁለት ወንበር

እኔን ፍቅር ብዙም አያስደንቀኝም። በወንድሜ ፎቶ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ስንቱን ሙሽራ አሳልፌያለሁ። ለሠርጋቸው ሲመጡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ለልጃቸው ልደት ሲመጡ ግን አንደኛው ውጭ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ስለዚህ የወንድሜን ልጅ ፍቅር ያዛት ሲሉኝ "እንደ ጉንፋን ነው፣ በሳምንቱ ይለቃታል" ብዬ የፎቶ ፖስታዎቼን መደርደር ቀጠልኩ።

አልለቀቃትም። ይባስ ብሎ እኔም ምላሴን አስገብቼበት ነገሩን አበላሸሁት። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ከራሴ ስሙት።

ልጅቷ የምትሠራው ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ነው። ሥራዋ ፎቶ ማጽዳት ነው። ብጉር ታጠፋለች፣ ከሙሽራ ቬሎ ላይ ዝንብ ታነሣለች፣ የተጨማደደ ኮት ትተኩሳለች። አንዴ እንዲያውም ከሚስቱ የተፋታ አንድ አጎትን ከዐሥራ አራት የሠርግ ፎቶ ላይ ጥላውን እንኳ ሳታስቀር አውጥታዋለች። ሰውዬው በዚያ ሠርግ ላይ መገኘቱን ዛሬ ራሱም ሳይጠራጠር አይቀርም። እጇ ስለማይስት ሁላችንም "መርፌ" እያልን ነው የምንጠራት።

በኋላ ባለቀበሮው ያልነው ልጅ የመጣው ዝናብ ሲዘንብ በዋለበት አንድ ሰኞ ነው። ወለሉን ገና ወልውዬ መጨረሴ ነበር። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳየው ፊቴ ተለዋውጦ መሆን አለበት፤ ምንም ሳልናገር በሩ ላይ አውልቆት በካልሲ ገባ። የካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል። ሰሜን ውስጥ የጥብቅ ደን ጠባቂ እንደነበረ፣ ፎቶ ማንሣት በአሮጌ ካሜራ በራሱ እንደተማረ፣ አሁን ደግሞ አንድ አሳታሚ የዱር አራዊትና የሌሊት ሰማይ መጽሐፍ ሊያወጣ ፈልጎ ስምንት ወር ድንኳን ውስጥ እየኖረ እንዲያነሣ እንደቀጠረው ነገረኝ። አጽድተን የምናትመው እኛ ነን። ለሙከራ የያዘው የአንዲት ቀበሮ ፎቶ ነበር። ስሙን መዝገብ ላይ ብጽፍም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ባለቀበሮው ሆኖ ቀረ።

መርፌ ፎቶውን አጽድታ ለማምጣት ዐሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እሱ አየውና ዝም አለ። እኛ ጋ ደንበኛ ዝም አይልም፤ ወይ ያመሰግናል ወይ አፍንጫዬን አሳንሱልኝ ይላል።

"ሣሩስ?" አለ በመጨረሻ።

ለካ በቀበሮዋ ፊት ላይ አንድ የሣር ዘንግ ያልፍ ኖሯል፤ እሷ አጥፍታዋለች።

"ዐይኗን ይከልላል" አለችው።

"ሦስት ሰዓት በሆዴ የተኛሁት እኮ ከዚያ ሣር ጀርባ ነው። ሣሩ ከሌለ እኔም እዚያ አልነበርኩም ማለት ነው።"

መርፌን ሰው ሁሉ "አጥፊልኝ" ይላታል እንጂ "መልሺልኝ" ያላት አልነበረም። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ስቴፕለሬን እፈልጋለሁ። ሣሩን መለሰችለት። ሲሄድ ጫማውን ለማሰር ከሚበቃው በላይ ቆየ፤ እሷም ወደ ክፍሏ ለመመለስ ከሚበቃው በላይ ቆመች። ያን ቀን ልቧ ምን ያህል ደስ እንዳለው ያወቅኩት የምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው ወደ ቤት ይዛው ስለሄደች ነው።

* * *

ባለቀበሮው ድንኳን የተከለበት ተራራ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሚሞሪ ካርዱን በደብዳቤ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ሹፌር ይልካል። እኛም ያተምነውን ናሙና በዚያው ሹፌር እንመልስለታለን። ደብዳቤዎቹን ማንበቤን አትታዘቡኝ፤ ፖስታው የሚከፈተው ባንኮኒው ላይ ነው፣ ባንኮኒው ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ደረቅ ነበሩ። ጨረቃ ስለነበረች ከዋክብቱ ደብዝዘዋል። ጤዛ እንዳያበላሸው ሌንሱን ካልሲ አልብሼዋለሁ። ቁጥር ዐሥራ ሁለት ላይ የሚታየው መስመር የአውሮፕላን ስለሆነ ይጥፋ። እሷም "ደርሷል፣ ጠፍቷል" ብላ ትመልሳለች። ከአንድ ወር በኋላ ግን ቋንቋው መለሳለስ ጀመረ። አጋዘኖች ጎህ ሲቀድ ውሃ ሲጠጡ እስትንፋሳቸው እንደ ጭስ እየወጣ እንደሚያየው፣ አንዲት ጉጉት መጥታ ካሜራው ላይ በማረፏ የሌሊት ሥራውን ሁሉ እንዳጠፋችበት ጻፈላት። ሰማዩን ሲያነሣ ካሜራውን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ባትሪ ቢያበራ ፎቶው ይበላሻል። "በዚያ ግማሽ ሰዓት የማስበውን ሁሉ ብጽፍልሽ ሹፌሩ ፖስታውን መሸከም ያቅተዋል" አለ። እዚህ ጋ ስትደርስ ጆሮዋ ሳይቀር ቀላ። ደብዳቤውን አጣጥፋ ኪቦርዱ ሥር ከተተችው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቀበሮዋ ከድንኳኑ ደጃፍ የግራ ካልሲውን ይዛበት እንደሄደች ጻፈ። መርፌ በማግስቱ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ገዝታ ላከችለት። ሴት ልጅ ካልሲ መላክ ከጀመረች ነገሩ አልቋል፤ እኔ ከልምድ ነው የምናገረው።

ወንድሜ ይህን ሁሉ አያይም አይባልም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊት ያነሣ ሰው ነው። ስለ ባለቀበሮው ሲጠየቅ "ቀበሮ መጥታ ፎቶዬን ስጡኝ አትልም" ይላል። ድንኳን ቤት እንዳልሆነ፣ ስምንት ወር ሲያልቅ ባለቀበሮው ወዴት እንደሚሄድ እንደማይታወቅ፣ ሴት ልጁን ለእንዲህ ዓይነት ሰው እንደማይሰጥ ደጋግሞ ነግሮኛል። እሱ ያሰበላት አንድ የጥርስ ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሰላምታው አይጓደልም። ምንም የሚነገርበት ነገር አልነበረም፤ ከመርፌ ጋር ሲሆንም ምንም የሚነገር ነገር አልነበረም። አጠገቡ ቆማ አንዴ ሰዓቷን ስታይ ሳያት አንጀቴን በላችው።

* * *

በአምስተኛው ወር ከመጡት ካርዶች አንዱ ውስጥ ከሁሉም መጨረሻ ለብቻዋ የተቀመጠች አንዲት ፎቶ ነበረች። ከደብዳቤው ግርጌ "የመጨረሻዋ ለመጽሐፉ አይደለችም" ብሏል፤ ሌላ ምንም የለም።

መርፌ ጠራችኝና አብረን አየናት። ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጭ የከዋክብት መንገድ፣ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ እንዲያ ያለ ሰማይ አይቼ አላውቅም። ከታች ጥግ ላይ ድንኳኑ ከውስጥ ድብዝዝ ብሎ በርቷል። ከድንኳኑ ፊት ሁለት ታጣፊ ወንበሮች አሉ። አንዱ ላይ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፣ ሁለተኛው ባዶ ነው። መሬት ላይ ደግሞ ሁለት ኩባያ።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? "እሱ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ማን አነሣው?"

"ካሜራው ራሱ ነዋ የሚያነሣው። ሰዓት ይሞላለታል" አለችኝ።

"ይሁን። ሁለተኛው ኩባያስ? ካሜራው ሻይ ይጠጣል?"

ቀልዴን ነበር። እንደ ቀልድም አማረልኝ፣ ራሴው ሳቅኩበት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነታቸውን ነው። እሷ አልሳቀችም። ፎቶዋን አየች፣ ደብዳቤውን አየች። "ለመጽሐፉ አይደለችማ" አለች ቀስ ብላ። "ለእሱና ወንበሩ ላይ ለምትቀመጠው ሴት ናት። እኔ እንዳትምላቸው ነው የላከው።" እኔም የአክስት ልብ አለኝ ብዬ፣ ወንድ ልጅ ያው ነው፣ ነገሩ ሥር ሳይሰድ ማወቅሽ ይሻላል እያልኩ ጨመርኩበት።

ወደ ስክሪኑ ዞረች። መጀመሪያ ባዶዋን ወንበር አጠፋች። ቀጥላ ኩባያዎቹን። ከዚያ እሱን፤ እሱ ላይ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ድንኳኑን ከነመብራቱ አጠፋችው። ሰማዩና ጥቁር መሬት ብቻ ቀሩ። ጽድት ያለ ሥራ ነበር፤ እዚያ ቦታ ሰው ተቀምጦ አያውቅም ብላችሁ ትምሉ ነበር። አተመችውና ያለ ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ አሽጋ ለሹፌሩ ሰጠችው። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ዐይኗ ቀልቶ ወጣች። ሳሙና ገብቶብኝ ነው አለችኝ። ሳሙና ካለቀብን ሁለት ቀን ሆኖን ነበር።

መልሱ በሁለት ሳምንቱ መጣ። ሦስት መስመር ነው። "ፎቶዋ ደርሳኛለች። ገብቶኛል። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"አየሽ፣ አላስተባበለም" አልኳት። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ካርዶቹ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልለው ይመጡ ጀመር። ተኩላ፣ አጋዘን፣ ሰማይ፤ ፎቶ ብቻ። መርፌም ሥራዋን አላጓደለችም። መብላቷን ግን አጓደለች። ወንድሜ አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ልጅቷ መሳቅ ያቆመችው ጥርስ ሐኪሙን ፈርታ ነው እንዴ?" አለኝ። ቀልድ አስመስሎ ነው የጠየቀኝ፣ ፊቱ ግን አልቀለደም። የጥርስ ሐኪሙ ቤተሰቦች ለእሁድ ለሽምግልና እንመጣለን ሲሉ እሷ የመለሰችው "እንደፈለጋችሁ" ብላ ነው። ወንድሜ እሺታ ነው ብሎ ያዘው። እኔ ሴት ሆኜ ያቺን "እንደፈለጋችሁ" አሳምሬ አውቃታለሁ፤ ግን አንድ ጊዜም ሳላወራ ቀርቼ የማላውቅ ሰው ያን ጊዜ ብቻ ዝም አልኩ። አሁንም ይቆጨኛል።

* * *

ከዚያ እሁድ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ጢሙ አድጓል፣ ፀሐይና ብርድ ፊቱን ልጠውታል፣ ሰውነቱ ግማሽ ሆኗል። ዝናብ አልነበረም፣ ጫማውም ንጹሕ ነው።

"እንደምን ዋሉ እትዬ። የፓስፖርት ፎቶ ፈልጌ ነበር፣ ሁለት" አለኝ።

የመጽሐፉ ሥራ አልቋል። የባሕር ወፎች የሚያጠና አንድ መርከብ ለሁለት ዓመት ፎቶ አንሺ ፈልጎ ቀጥሮታል። የቪዛ ቢሮው ወረቀቱን የሚቀበለው ዛሬ እስከ ዐሥር ሰዓት ብቻ ነው፤ ካለፈ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝና ግድግዳው ላይ ያሉትን ሙሽሮች ማየት ጀመረ። ወደ ጠባቧ ክፍል አላየም።

የፓስፖርት ፎቶ የሚያነሣው ወንድሜ ነው። ያን ሰዓት ግን ከስቱዲዮው በስተኋላ ካለው መጋረጃ ጀርባ ፍሬም እያጣበቀ እጁ ሙጫ በሙጫ ነበር። "እሷ ታንሣው" ብሎ ጮኸ፤ ማን እንደመጣ አላየም። እሷም ማን እንደመጣ ሳታውቅ ወጣች። አየችው። እግሯ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ መብራቶቹን ልታበራ አለፈች።

ነጩ ጨርቅ ፊት ባለችው ከፍ ያለች መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን አገጩን በጣቷ ቀና ታደርግለት ነበር፤ እሱን በቃል ብቻ አዘዘችው። ትከሻህን ልቀቅ። አፍህን ግጠም። ወደ ሌንሱ እይ። አየ። እሷም በካሜራው ውስጥ አየችው፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው፣ አትጫንም። እኔ መጋረጃው ጫፍ ላይ ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ።

"እሷም አብራህ ትሄዳለች?" አለችው ፊቷን ከካሜራው ሳታነሣ።

"ማን?"

"ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው።"

"እዚያ ወንበር ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም።"

"ኩባያውስ?"

"ማታ ማታ ሻይ ሁለት እቀዳለሁ። አንዱን እጠጣለሁ፣ አንዱ ሲቀዘቅዝ እደፋዋለሁ።" ድምፁ ወረደ። "ያንቺ ነበር። እኔ መናገር አልችልበትም፤ በማውቀው ላሳያት አልኩ። ወንበሯን ብቻ ብታጠፊያት አልመጣም አለችኝ ብዬ እችለው ነበር። እኔንም አጠፋሽኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያቺ ልጅ ወደ እኔ ዞራ "የዚህች የአክስቴ ሥራ ነው" ብትል ማን ይፈርድባታል? አላለችም። ከካሜራው ጀርባ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

"በቅናት ነው" አለችው። "ሌላ ሰው ያለህ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሌሊት በቅጡ ተኝቼ አላውቅም።"

እኔም ከመጋረጃው ጫፍ "ካሜራው ሻይ ይጠጣል ወይ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ" አልኩት። ሊስቅ ፈለገ መሰለኝ፣ አፉ ግን አልታዘዘውም። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይላሉ፤ ሦስታችንም በፎቶ ሥራ የምንኖር ሰዎች ነን፣ አንዲት ፎቶ ማየት አቃተን።

"አትሂድ ብልህ ትቀራለህ?" አለችው።

"ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ይኸው አልኩህ። አትሂድ።"

እንባው ጢሙ ውስጥ ገባ፤ በእጅጌው ጠረገው፣ ደግሞ መጣ። እሷ እጇን የምታደርግበት ስታጣ ወደ ካሜራው ተመለሰችና ቁልፉን ተጫነችው። መብራቱ ብልጭ አለ። እንዲያ ሆኖ ነው የተነሣው።

መጋረጃው ተገለጠ። ወንድሜ ነው። መጋረጃ ጨርቅ እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ አንዲትም ቃል አላመለጠችውም። ባለቀበሮው ከመቀመጫው ብድግ አለ። መርፌ አንገቷን ደፋች፣ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ወንድሜ ማንንም ሳያይ የእጁን ሙጫ በጨርቅ እየጠረገ ወደ ካሜራው ሄደ፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ፎቶውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ የባለቀበሮውን ፊት አየ፤ ያንንም ረጅም ጊዜ አየው።

"ዐይኑ ቀልቷል" አለ። "ፊቱም ልክ አይደለም። ይህን ቢሮ አይቀበለውም።"

"ድጋሚ ላንሣው?" አለች መርፌ ድምጿ እየተቆራረጠ።

"ዛሬ አይሆንም። ነገ ይምጣ።"

ወንድሜ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ የፓስፖርት ፎቶ ለነገ ብሎ አያውቅም። ቢሮው ዐሥር ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሰምቷል። ከመንገዱ ማዶ በአምስት ደቂቃ አንሥቶ የሚሰጥ ሌላ ፎቶ ቤት አለ፤ ይህንንም ያውቃል። መጋረጃውን አልፎ ሊገባ ሲል ዞር ብሎ አየኝ።

"የጥርስ ሐኪሙ እናት ስልክ አንቺ ጋ ነው አይደል? እሁድ እንዳይደክሙ" አለኝ።

"እኔ ጋ ነው" አልኩት።

ባለቀበሮው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለዐሥር ሃያ ጉዳይ ነው፤ ቢሮጥ ይደርሳል። በመስታወቱ በኩል የመንገዱን ማዶ አየ። ከዚያ ሁለቱንም ተዋቸውና ኮሌታውን እያስተካከለ ወደ ወንድሜ ዞረ።

"ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ ጋሼ?" አለ።